የባድ ፓወል አስታማሚ

በማኅበራችን የመጨረሻ ስብሰባ ላይ የቀረበውን ሐሳብ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እዚህ ከተማ ለረጅም ዓመታት በሠርጋችንና በእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ላይ ኪቦርድ ሲጫወቱልን የኖሩት ጋሼ ኩላሊታቸው ታሟል፤ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄዳሉ። ሐሳቡ የእርዳታ ኮንሰርት ይዘጋጅ፣ እሳቸውም መድረክ ላይ ወጥተው ሁለት ሦስት ዜማ ይጫወቱ፣ ገቢው ለሕክምናቸው ይዋል የሚል ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል፤ የማያውቃቸው ደግሞ በበሽታቸው ባይተዋወቃቸው ይሻላል።

እኔ ኮንሰርቱን በዚህ መልኩ መደረጉን እቃወማለሁ። ስብሰባው ላይ ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ ቅር ብሏችኋል፤ «ታዲያ ዝም ብለን እንያቸው ወይ?» ያለም ነበር። በሁለት ደቂቃ መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። ምክንያቴን ያገኘሁት ከእኛ ጋር ምንም ዝምድና ከሌለው፣ ከሐገሩ ርቆ ፓሪስ ውስጥ ታሞ ከኖረ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ፒያኒስት ታሪክ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባድ ፓወል በ1924 ኒውዮርክ፣ ሐርለም ተወለደ። ቻርሊ ፓርከር በሳክስፎን፣ ዲዚ ጊለስፒ በትራምፔት የጀመሩትን፣ ቢባፕ የተባለውን ፈጣንና ውስብስብ የጃዝ አጨዋወት ወደ ፒያኖ ያመጣው በዋናነት እሱ ነው። ቀኝ እጁ እንደ ሳክስፎን ረጅም ዜማ ያወርዳል፤ ግራው ደግሞ አልፎ አልፎ አጭር ኮርድ ጣል ያደርጋል። ዛሬ ጃዝ ፒያኖ የሚማር ተማሪ ሁሉ፣ ስሙን ባይሰማ እንኳ፣ በእሱ መንገድ ነው የሚሄደው። ቴሎኒየስ መንክ፣ ሰው በቀላሉ የማያደንቀው ያ ሰው፣ ስለ እሱ ዜማ ደርሷል።

በ1945 መጀመሪያ፣ ገና የ20 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ፖሊሶች ጭንቅላቱን ደበደቡት። ከዚያ በኋላ የራስ ምታቱ አልለቀቀውም፤ የአእምሮ ሆስፒታል መመላለሱም ተጀመረ። በ1947 መጨረሻ ክሪድሙር በተባለው የኒውዮርክ ሆስፒታል ገብቶ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቆየ፤ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምናም ተሰጠው። እኛ «አማኑኤል ገባ» ብለን ድምፃችንን ዝቅ እንደምናደርገው፣ በእሱም ዘመን ነገሩ በሹክሹክታ የሚወራ ነበር። የሚገርመው ግን ታላላቅ ሥራዎቹን የቀዳው ከዚያ ወዲህ፣ በሁለት ሆስፒታል መካከል በነበሩት ዓመታት ነው። በ1956 ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ሪቺ፣ እሱም ፒያኒስት ነበር፣ ከትራምፔት ተጫዋቹ ክሊፎርድ ብራውን ጋር በመኪና አደጋ ሞተ።

በ1959 ፓሪስ ገባ። በዚያ ዘመን ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች ወደ አውሮፓ ይሄዱ ነበር፤ ሥራ ነበር፣ መድረክ ነበር፣ በየበሩ የሚያሸማቅቅህ ዘረኝነት ደግሞ ከአገራቸው ይቀል ነበር። ከባለቤቱ እንደ አንዷ ከምትታየው ከበተርካፕ ጋር ሆቴል ላ ሉዊዚያን የተባለ ርካሽ ሆቴል ውስጥ አረፉ። ማታ ማታ ብሉ ኖት በሚባለው ክለብ ከድራመሩ ከኬኒ ክላርክና ከፈረንሳዊው ቤዝ ተጫዋች ከፒየር ሚሽሎ ጋር ይጫወታል። ከሆቴል ክለብ፣ ከክለብ ሆቴል። ስደት ላይ ያለ ሰው ሕይወት ወደ ሁለት በር ሲጠብ ምን እንደሚመስል እዚህ ያለን ሁላችንም አይተነዋል፤ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ። ልዩነቱ እሱ ታሟል። ላርጋክቲል የሚባል፣ ሰውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይወስዳል፤ ጉበቱ ተጎድቷልና ትንሽ መጠጥ ትጥለዋለች።

እዚህ ላይ ፍራንሲስ ፖድራ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ ይመጣል። የማስታወቂያ ሥዕል የሚሠራ፣ ለራሱ ፒያኖ የሚነካካ፣ ፓወልን እንደ ጣዖት የሚያይ ልጅ። አድናቂ ብቻ ሆኖ መቅረት ይችል ነበር። እሱ ግን ወደ ሆቴሉ ሄደ፣ ሰውዬው ምን እንደሚበላና ማን መድኃኒት እንደሚሰጠው አየ፣ በመጨረሻም ወደ ራሱ ጠባብ ቤት ወስዶ አብሮት አኖረው። አበላው፣ ሐኪም ዘንድ ወሰደው፣ ከመጠጥ ጠበቀው፣ ሌሊት ሲጠፋ ፈለገው።

በአማርኛ ለዚህ ሰው ስም አለን፤ አስታማሚ። በእንግሊዝኛ ስፈልገው የሚመጡልኝ ቃላት ሁሉ ወይ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ናቸው፣ ወይ ቤተሰብ። አስታማሚ ግን ዘመድም ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ የትኛውም የመንግሥት ሆስፒታል ግቢ ብትገቡ ሣሩ ላይ ጋቢ አንጥፎ፣ ፔርሙስ ይዞ፣ የመድኃኒት ወረቀት በእጁ ጨብጦ የተቀመጠ ሰው ታያላችሁ። እሱ ነው። ሐኪሙም «አስታማሚ ማን ነው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እዚህ አገር ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ የለም። ቅጹ ላይ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ የሚል መስመር አለ፤ ብዙ ሽማግሌዎቻችን ያንን መስመር የሚሞሉት አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸውን ስልክ ቁጥር ጽፈው ነው።

ወደ ፓወል ልመለስ። በዚያ በተሻለው ጊዜ ያደረጋቸው ሥራዎች አሉ። በየካቲት 1963 አንድ አልበም ቀዳ፤ ፕሮዲዩሰሩ ዱክ ኤሊንግተን ነበር፣ ከ10 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ሜዳልያ የተቀበለውና ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተገናኘው ኤሊንግተን። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከዴክስተር ጎርደን ጋር የቀዳው ደግሞ እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ የፓወልን ፒያኖ ለማያውቅ ሰው ከዚያ ጀምር እላለሁ።

ከዚያ የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ቡፌሞን የሚባል፣ ከፓሪስ ወጣ ያለ ሥፍራ ባለው የሳንባ ሕሙማን ማገገሚያ ገብቶ ለወራት ተኛ። እዚያ የአልጋ ዕረፍት ነበር፣ በሰዓቱ የሚመጣ ምግብ ነበር፣ መድኃኒት ነበር፣ መጠጥ አልነበረም። ክብደት ጨመረ፤ የሥፍራውን ስም የያዘ ብሉዝም ጻፈ። ሰዎች የፖድራን ታሪክ ሲያወሩ ይህን ክፍል ቶሎ ያልፉታል። እኔ ግን በጣም አስፈላጊው ይመስለኛል። ባድ ፓወልን በ1964 በሁለት እግሩ ያቆመው የአንድ አድናቂ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ነርሶች፣ የምግብ ሰዓትና የአንድ መንግሥት የሕክምና ሥርዓትም ነበሩ። ፍቅሩ ወደዚያ በር አደረሰው፣ በየጊዜው እየመጣም ጠየቀው። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው የሠሩት።

በነሐሴ 1964 ፖድራ ይዞት ወደ ኒውዮርክ ሄደ። በርድላንድ፣ ድሮ ስሙ የተጠራበት ክለብ፣ ለሳምንታት ሊያጫውተው ቀጥሮታል። የመጀመሪያው ምሽት ሰው ብድግ ብሎ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበለት። ገና አንድ ቁልፍ እንኳ ሳይነካ። ሙዚቀኞች ሊያዩት መጡ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ የተመለሰው ፓወል ተባለ። ከዚያ ድሮ የሚያውቃቸው ሰዎች መጠጥ ይዘው መጡ። አንዳንድ ማታ ጥሩ ይጫወታል፣ አንዳንድ ማታ ጨርሶ አይመጣም። በጥቅምት ፖድራ ብቻውን ወደ ፓሪስ ተመለሰ። ፓወል ቀረ።

በመጋቢት 1965 ቻርሊ ፓርከርን ለመዘከር ካርኔጊ አዳራሽ ውስጥ ኮንሰርት ተደረገ። ፓወልን መድረክ ላይ አወጡት። በዚያ ምሽት የነበሩ ሰዎች የተዉት ምስክርነት የሚያሳዝን ነው፤ ጣቶቹ አልታዘዙትም። ሰውን ለማክበር ተብሎ የተደረገ ነገር ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። አዘጋጆቹ ስሙን ፖስተር ላይ ሲያትሙ ውለታ የዋሉለት መስሏቸው ይሆናል፤ ተመልካቹም ቲኬት ሲገዛ እንደዚያው። ሐምሌ 31 ቀን 1966 ብሩክሊን ውስጥ በሆስፒታል ሞተ። 41 ዓመቱ ነበር። በነቀርሳው፣ በመጠጡ፣ በምግብ እጥረት። በምግብ እጥረት! በኒውዮርክ ከተማ፣ ስሙን የሚያውቁ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ባሉበት። ቀብሩ ቀን ሐርለም ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጎዳና ወጥቶ ሸኘው።

ይህንን ስብሰባ ላይ ብናገረው ኖሮ አንድ ሰው «እኛ እንደዚያ አይደለንም» ይል ነበር። ነን። እንዲያውም ከእነሱ ይብስብናል። እድራችን ለሬሳ ፈጣን ነው፤ ሰው በሞተ በሁለት ቀን ውስጥ አስከሬን ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የሚበቃ ገንዘብ ሲሰበሰብ አይቻለሁ፣ በዚህም እኮራለሁ። ያው ሰው በሕይወት ሳለ ግን ከሆስፒታል ወጥቶ ታክሲ ጥበቃ ብርድ ላይ ሲቆም፣ የሚወስደው አላገኘም። ሬሳ ቀጠሮ የለውም፣ አይሰለችም፣ አይነጫነጭም። ሕመምተኛ ማክሰኞም አለ፣ ሐሙስም አለ፣ የሚቀጥለው ማክሰኞም አለ።

ፖድራ የጻፈውን መጽሐፍ መሠረት አድርጎ በርትራን ታቨርኒየር በ1986 ፊልም ሠርቷል። ሙዚቀኛውን ሆኖ የተወነው ራሱ ዴክስተር ጎርደን ነው፤ ለብዙ ዓመት ኮፐንሐገን ኖሮ በ1976 ወደ አገሩ የተመለሰው። ለኦስካር ታጭቶበታል፣ ሄርቢ ሐንኮክ ደግሞ በሙዚቃው ኦስካሩን ወስዷል። ቆንጆ ፊልም ነው፤ ያላያችሁት እዩት። ግን ከፊልሙ ስንወጣ በአእምሯችን የሚቀረው አንድ ደግ ልጅ አንድ ሊቅን ሲያድን ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኼ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያ አንድ ሰው አውሮፕላን የሚሳፈርበት ቀን ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። የምናውቀው ታሪክ በአብዛኛው ፖድራ የነገረን ነው። በቤቱ የቀዳቸው ድምፆች በኋላ በአልበም ታትመዋል፤ መጽሐፉም የእሱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ በተርካፕ ክፉ ሴት ናት፣ ገንዘቡን የምትይዝ፣ መድኃኒቱን የምትግት። ከዚያ ወዲህ የጻፉ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች የፖድራን ምስክርነት በጥንቃቄ ነው የሚያዩት፤ እኔም እንደዚያው። ያቺ ሴት ፖድራ ከመምጣቱ በፊት ከእሱ ጋር ውቅያኖስ ተሻግራ፣ ቋንቋውን በማታውቀው አገር፣ ልጅ ይዛ፣ በየማታው የት እንዳለ ከማይታወቅ ሕመምተኛ ጋር የኖረች ናት። ምናልባት ያለችው ሁሉ ትክክል አይደለም። ግን ብቻዋን ነበረች። ብቻውን የሚያስታምም ሰው ክፉ ሆኖ ለመታየት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም፤ አንድ ሳምንት እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፁ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በከንቱ አይደለም።

የጃዝ ሰዎች ከዚህ ሁሉ የተማሩ ይመስለኛል። በ1989 የአሜሪካ ጃዝ ፋውንዴሽን ተቋቋመ፤ ለታመመና ለተቸገረ ሙዚቀኛ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ሐኪም ያገናኛል። ዲዚ ጊለስፒ በጥር 1993 ኒው ጀርሲ ውስጥ ኢንግልውድ ሆስፒታል ሊሞት ሲል፣ ገንዘብ የሌላቸው ሙዚቀኞች እዚያ እንዲታከሙ መንገድ እንዲፈለግ ጠየቀ፤ በስሙም ሙዚቀኞች በነፃ የሚታከሙበት ዝግጅት እስከ ዛሬ አለ። ሐውልት ሊጠይቅ ይችል ነበር። የጠየቀው የሐኪም ቀጠሮ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን ልምጣ። እኛ ሙዚቀኞቻችንን በፖስታ ነው የምንከፍለው። ሠርግ ያልቃል፣ ሚዜው ፖስታ ይሰጣል፣ ጋሼ ኪቦርዳቸውን ጠቅልለው መኪና ላይ ይጭናሉ። ቀን ደግሞ ፓርኪንግ ወይም ታክሲ ይሠራሉ። ኃይሉ መርጊያን አስታውሱ፤ የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት፣ ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ እየነዳ፣ ዳለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ነው ዓለም ዳግም ያወቀው። የእሱ ታሪክ ደስ የሚል ነው፣ ጤናውም ተርፎለታል። ግን ዋልያስን ያህል ስም የሌላቸው፣ እንደ እሱ የማይታተምላቸው ስንት አሉ? በፖስታ የተከፈለ ገንዘብ ለግብር ካልተመዘገበ በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ላይ አይታይም። አንድ ሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ሜዲኬር የሚገባው፣ የተመዘገበ የ10 ዓመት ያህል ሥራ ሲኖረው ነው፤ ለኩላሊት ሕመምተኛ የተለየ በር ቢኖርም እሱም በሥራ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ነው። ሠላሳ ዓመት ያስጨፈረን ሰው ወረቀት ላይ ብዙም ሳይሠራ የኖረ ሰው ይመስላል።

የኮንሰርቱ ገንዘብ ራሱ ችግር ሊያመጣ እንደሚችል ስብሰባው ላይ የተነሳ አይመስለኝም። አንድ ሽማግሌ ኤስኤስአይ የሚባለውን ድጎማ የሚያገኝ ከሆነ በስሙ ሊይዝ የሚችለው ሀብት 2,000 ዶላር ነው። ከዚያ ሲያልፍ ድጎማው ይቆማል፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ሜዲኬይዱ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በጭብጨባና በዕንባ 15,000 ዶላር ሰብስበን በሰውዬው የባንክ ሒሳብ ብናስገባ፣ በሚቀጥለው ወር እጥበቱን የሚከፍለውን መድን ልናቋርጥባቸው እንችላለን። መፍትሔዎች አሉ፣ ሕጋዊ መንገዶች አሉ፤ ግን አንድ ዶላር ከመሰብሰቡ በፊት ከሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ፖስተር አያስፈልግም፤ የእሳቸው ፈቃድና አንድ ስልክ ይበቃል።

እጥበት ራሱን አይታችሁት ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። አራት ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሲወጡ ይበርዳቸዋል፣ ይደክማቸዋል፣ አንዳንድ ጊዜ ጡንቻቸው ይሸማቀቃል። አንድ ቀን እኔ ነበርኩ የወሰድኳቸው፤ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እጃቸውን በብብታቸው ይዘው ነበር፣ ቤት ስንደርስ ቁልፉን በሩ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ያንን እጅ ነው መብራት በርቶበት ሙሉ አዳራሽ ፊት ኪቦርድ ላይ ሊያስቀምጡት የተወሰነው። በእርግጥ በማግሥቱ ይሻላቸዋል፣ ጥሩ ቀን ላይ ቢሆን ያምርላቸው ይሆናል። በርድላንድ ላይ ፓወልም ጥሩ ማታዎች ነበሩት። ግን ቲኬት የተሸጠለት ቀን ጥሩ ቀን መሆን አለመሆኑን ማን ያውቃል? ቢደክማቸውስ «ዛሬ አልችልም» ለማለት ነፃ ናቸው ወይ? ለእሳቸው ተብሎ የመጣ 300 ሰው ፊት?

ስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቄ ነበር፤ «እሳቸው ተጠይቀዋል ወይ?» አልተጠየቁም። ሁላችንም እንደሚደሰቱ ገምተናል። የሚደሰቱ ከሆነ እሰየው፤ እኔም ልሳሳት እችላለሁ፣ ሙዚቀኛ መድረክ ሲናፍቅ ምን እንደሚመስል አላጣሁትም። ፓወልም ኒውዮርክ መቅረትን የመረጠው ራሱ ነው፤ ፖድራ ያንን ምርጫ ይቅር ያለው አይመስልም፣ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ቅሬታ ነው ማለት ይቻላል። አስታማሚ የሕመምተኛው ባለቤት አይደለም። ይህ እኔንም ይመለከታል፤ ኮንሰርቱን ስቃወም በእሳቸው ስም መወሰን አልፈልግም። መጫወት ከፈለጉ ይጫወቱ። ግን ጥያቄው ሲቀርብላቸው ቤታቸው ቁጭ ተብሎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ «ጋሼ፣ እምቢ ቢሉን አንቀየምም» ተብሎ ይሁን እንጂ፣ አዳራሽ ተከራይተን ከጨረስን በኋላ አይሁን። እሳቸው ይሉኝታ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ አዳራሹ ተከራይቷል ከተባሉ በቃሬዛም ቢሆን ይመጣሉ።

ኮንሰርቱን ሌሎች ይጫወቱት። እሳቸው ከፈለጉ ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ ሲደክማቸው ይሂዱ። ከኮንሰርቱ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ፣ እሱም የሚያስፎግር እንኳ አይደለም። ሜዲኬይድ ያለው ሰው ወደ ሕክምና የሚወስደው ትራንስፖርት የማግኘት መብት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀድሞ በስልክ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ በእንግሊዝኛ፣ ሙዚቃ እየሰሙ ሃያ ደቂቃ ጠብቆ። ያንን ስልክ አንድ ተማሪ በየሳምንቱ ሊደውል ይችላል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ጋሼ ግን ነርሷን ላለማስቸገር «ገብቶኛል» ይላሉ፣ ሳይገባቸው። የሕክምናውን ቃል እኛ እንተርጉም ማለቴ አይደለም፣ እንዲያውም ባንነካው ይሻላል። አጠገባቸው ሆኖ «አስተርጓሚ ይጠራልን» የሚል ሰው ይኑር ነው የምለው።

ምግቡም እንደዚያው። እናቶቻችን በደግነታቸው ምስር ወጥና ሽሮ ይዘውላቸው ይሄዳሉ፤ አንዷ ደግሞ ሙዝ በደርዘን ገዝታላቸው ነበር። ፖታስየም የሚባለውን ነገር ኩላሊት ካላወጣው ልብን ይጎዳል፤ ጥራጥሬው፣ ቲማቲሙ፣ ሙዙ ሁሉ በልክ ነው። ማዕከሉ የምግብ ባለሙያ አለው፣ ዝርዝር ይሰጣል። ዝርዝሩ ግን እንግሊዝኛ ነው፣ በላዩ ላይ ያለው ምግብም የፈረንጅ ነው። ከመካከላችን ኒውትሪሽን የሚማሩ ሁለት ልጆች አሉ። ከባለሙያዋ ጋር ተቀምጠው በእኛ ወጥና በእኛ እንጀራ አንድ ገጽ አማርኛ ቢያወጡ፣ ለእሳቸው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ በዚህ ከተማ እጥበት የሚሄደው አበሻ ብዙ ነው።

ኪቦርዳቸው ሳሎን ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ስሄድ አልነካካውም፣ እሳቸውም አላነሱትም። ግን ከማኅበራችን ሙዚቃ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ አንዱ እሑድ ከሰዓት፣ ድካሙ ሲለቃቸው፣ ሄዶ «አንቺ ሆዬን እንዴት ነው የሚይዙት?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ወይ ያሳዩታል ወይ «ዛሬ ይቅር» ይሉታል። ሁለቱም ጥሩ ነው። ማንም አያጨበጭብም፤ ማንም በስልክ አይቀርጽም። ስልኩን በተለይ አደራ።

የእጥበታቸው ቀናት ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ናቸው። የማክሰኞንና የሐሙስን መውሰጃ አንዲት የማኅበራችን አባልና እኔ ይዘነዋል፤ መመለሻውን በሜዲኬይድ መኪና እንሞክራለን። ቅዳሜ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤታቸው መነሳት አለባቸው፤ ለዚያ ቀን እስካሁን መኪና ያለው ሰው አላገኘንም።